የ2017ን ዓመት በእጃችን እየጠረዝን ነው

ነሐሴ 4

ሥራው ይህ ነው። በዚህ ዓመት እኛ ቤት አዲስ ያየነውን፣ የሰማነውንና የወደድነውን ነገር በአንድ መጽሐፍ ማስገባት። ከሱቅ የሚገዛ አልበም አይደለም። ወረቀቱን አጥፈን፣ በክር ሰፍተን፣ በእንጨት ገበታ ዘግተን ራሳችን የምንጠርዘው ነው። ሁለት ቅጂ ይኖረዋል። አንዱ ደሴ እኛ ዘንድ፣ ሌላው ኮምቦልቻ የባለቤቴ አክስት ቤት ይቀመጣል።

ሁለት የሆነው በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። የያዝነው ልጆቻችንንና አንድ የልብስ ሻንጣ ነበር። ስንመለስ የወላጆቼ አልበም የለም። የእናቴ የሠርጓ ቀን፣ የአባቴ የተማሪነት ፎቶ፣ የአያቶቼ ብቸኛ ምስል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ የትም አልነበረም። እናቴ ስለጠፋው ሌላ ዕቃ አንስታ አታውቅም። አልበሙን ግን ዛሬም ታነሳዋለች። ስልክም ቢሆን አያስተማምንም። ትልቋ ልጃችን የተወለደች ሰሞን ያነሳናቸው ሁሉ ከአንድ የተሰበረ ስልክ ጋር ሄደዋል። ስለዚህ በወረቀት፣ ያውም በሁለት ቤት።

ሠራተኞቹ አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሰባት ዓመት የሞላት ትልቋ፣ አምስት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትንሹ። ዛሬ ማታ ቡና ላይ ደንብ አወጣን። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግኝት ራሱ ይመርጣል። ሌላው ሰው "ይሄ ምን ይረባል" ማለት አይችልም። ፎቶ ያለው በፎቶ፣ የሌለው በሥዕል ወይም በጽሑፍ ይገባል። ትንሹ ገና መጻፍ ስለማይችል እሱ ይናገራል፣ እኛ የተናገረውን ሳንነካ እንጽፋለን። ደንቡን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። እኔ የማስበው ፎቶ ስለመደርደር ነበር። የእሷ ሐሳብ ሥራውን ከመሠረቱ ለወጠው።

ነሐሴ 9

ዕቃ ለቀማ። ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወፍራም ነጭ ወረቀት ገዛን። ኤ3 ነው፣ ለሁለት ሲታጠፍ ኤ4 ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ቅጠል በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ሞክሩ። ወረቀት የጭረት አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው በኩል ይገትራል፣ ሲታጠፍም ጠርዙ ይሰነጠቃል። የመጽሐፉ ጀርባ ከጭረቱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። አለዚያ ገጹ ሲገለጥ ተመልሶ ይነሳል።

ክሩ ጫማ ሰፊዎች የሚሠሩበት ጠንካራው ነው። ሰም ከሰኞ ገበያ ከማር ሻጮች አገኘን። ክሩን ሰም ላይ ደጋግሞ መሳብ ያስፈልጋል፣ ያኔ አይቋጠርም፣ ቀዳዳው ውስጥም ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። መብሻችን የእናቴ ወስፌ ነው። ሰፌድና መሶብ ስትሰፋበት የኖረች ወስፌ ስለሆነች ጫፏ እንደ መርፌ ነው፤ "አደራ፣ እንዳትሰብሯት" ብላ ሰጠችን።

ለገበታ የዋንዛ ቁራጭ ተገኘ። ሰፈራችን ያለው አናጺ ከአልጋ ሥራ የተረፈውን በማይረባ ዋጋ ሰጠኝ። ዋንዛ ቀለል ያለ ነው፣ ለብርጭቆ ወረቀትም እሺ ይላል፣ ሲወለወል መልኩ ሸጋ ነው።

አጠራረዙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሀገራችን የብራና መጻሕፍት የሚጠረዙበት ነው። ጥራዞቹ (አንድ ላይ የታጠፉት የወረቀት ክምችቶች) እርስ በርሳቸው በክር እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥራዝ ከእንጨቱ ገበታ ጋር በዚያው ክር ይታሰራል፣ ጀርባው ላይ ሙጫ ሳያስፈልግ ይቆማል። ሁለት ጥቅም አየሁበት። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይከፈታል፣ ፎቶ ለማየት በእጅ ተጭኖ መያዝ የለም። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል። ስንት መቶ ዓመት የቆዩ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተጠርዘው ዛሬም ይገለጣሉ፤ እኛ የምንፈልገው ልጆቻችን ልጅ እስኪወልዱ ነው።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ቤቱ ገና ሙልሙል ሙልሙል ይሸታል፣ የሠፈሩ ልጆች ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ምርጫው ዛሬ ተጀመረ።

ስልኮቻችን ውስጥ ያለው ፎቶ ለቁጥር የሚታክት ነው። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሦስት ሰው ቆሞ ካሜራ ያያል፣ ከኋላ ተራራ አለ። እኔ በልቤ ያሰብኳቸው "ትልልቆቹ" ነበሩ፣ የባቲ ገበያ፣ ሐይቅ፣ የጦሳ ተራራ ጠዋት ጉም ለብሶ። ልጆቹ እነዚህን ገፍተው አለፏቸው።

የትንሹ የመጀመሪያ ግኝት ግመል ነው። የካቲት ላይ፣ የትምህርት እረፍት ሳለ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን ሰኞ ዕለት ባቲ ወርደን ነበር። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከቆላው አፋሮች ከብትና ግመል ይዘው ይመጣሉ፣ ከደጋው እህልና ሸቀጥ ይወርዳል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ሲገበያዩ ይውላሉ። እኔ ያነሳሁት ይህንን ሁሉ ነው፣ ቀለሙን፣ ጥግ እስከ ጥግ የሞላውን ሰው። እሱ ያስገባው ይህ ነው፣ ቃሉ እንዳለ፦

"ግመሉ መጀመሪያ ሰገደ። ከዚያ ተቀመጠ። ሲነሳ ግን ከኋላው ነው የተነሳው።"

ባለቤቴ ያኔ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፍታ አየችው። ልክ ነው። ግመል ሲቀመጥ የፊት ጉልበቱን አስቀድሞ ያጥፋል፣ ሲነሳ የኋላ እግሩ ይቀድማል። ስንት ጊዜ ግመል አይቻለሁ፣ ይህን አስተውዬ አላውቅም። ለዚህ ገጽ የቀለሙ ፎቶ ቀረና ከቪዲዮው የተቆረጡ አራት ምስሎች በተርታ ገቡ።

ሁለተኛው ግኝቱ ሀረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ "ጆሮዬ ተዘጋ፣ አሁን ደግሞ ተከፈተ" ያለበት ቀን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት በግማሽ ሰዓትና በትንሽ ብልጫ ትወርዳለህ። ሹራቡን ጠመዝማዛው ላይ ያወልቃል፣ ጆሮው እዚያው ይዘጋል። ይህ ግኝት ፎቶ የለውም። ትልቋ ከላይ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ከታች ካናቴራ የለበሰ ሰው፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ጆሮ ሣለችለት። በገጾቹ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ሥዕል ሳይሆን አይቀርም።

ነሐሴ 18

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሐይቅ ገጽ ላይ ነበርን። ሰፊ ቦታ ይገባዋል።

ጥቅምት ላይ ሄደን ነበር፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ ስሙ የገነነ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያሠሩት የብራና አራቱ ወንጌል በታሪክ የታወቀ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ እኔና ትንሹ ገባን፣ ባለቤቴና ትልቋ ዳርቻው ላይ ቀሩ። አንድ አባት የቆየ የብራና መጽሐፍ ገልጠው ሲያሳዩን ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ጀርባው ላይ ነበር። በክር እንዴት እንደተያያዘ፣ ገበታው እንዴት እንደተሰረሰረ ጠየቅኋቸው፣ ሳይሰለቹ አሳዩኝ። ይህ ሁሉ ሥራ የተወለደው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የእኔ አንዱ ግኝት ያ ነው፣ ገጹ ላይ የስፌቱን አካሄድ በእርሳስ ሥዬዋለሁ።

የትልቋ ግን ይበልጣል። እኛ ስንመለስ አኩርፋ ነበር፣ አልገባሁም ብላ። ኩርፊያዋ ሳይወጣላት ዳርቻው ላይ መረብ የሚያጸዱ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄዳ ጥያቄ ጀምራለች። ወንዝ ይገባበታል? አዎ፣ አንከርካ ይገባል። በየት ይወጣል? አይወጣም። ታዲያ ውኃው የት ይሄዳል?

ሰውየው "ፀሐይ ትጠጣዋለች" አሏት። ባለቤቴ ይህን ያኔ በስልኳ ማስታወሻ ጽፋው ነበር። እኔ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ገና ሰማሁ። ሐይቅ በእርግጥ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥልቁ ቦታው 88 ሜትር ገደማ ነው፣ የገባው ውኃ በትነት ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ የተወሰነውም ወደ መሬት ይሰርጋል። ትልቋ ለገጹ "ውኃው የት ይሄዳል?" የሚል ርዕስ ሰጠችው። ከሥሩ የራሷን ሙከራ ጨመረች። በሁለት ሳሕን ውኃ አድርጋ አንዱን ፀሐይ ላይ አንዱን ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ፣ በማስመሪያ እየለካች ጻፈች። በክረምት ደሴ ፀሐይ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። ቢሆንም የውጪው ቀድሞ ጎደለ።

የተጠበሰው ቀረሶ ዓሣ በቃሪያና በዳጣ ለአራታችንም ይታወሰናል፣ እሱ አንድ ትንሽ ፎቶ አግኝቷል። ይበቃዋል።

ነሐሴ 25

የደረቁ ቅጠሎች ጉዳይ። በዓመቱ ውስጥ ልጆቹ በየሄዱበት የለቀሙት ቅጠልና አበባ በደብተር መሃል ተሸጉጦ ነበር። ጦስኝ፣ የወይራ ቅጠል፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከኩታበር የመጣ የገብስ ዛላ። ነሐሴ ላይ የደሴ አየር እርጥብ ነው፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጦስኙ ሻገተ። የቀረውን በጋዜጣ መሃል አድርገን ከላይ ሙቀጫ ጫንበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ማታ በደረቅ እንለውጣለን። ጋዜጣውን ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ ዘርግተን ነው የምናደርቀው። ይህ ሠራ። እርጥበቱን የሚወስደው ወረቀቱ ነው፣ ክብደቱ ቅጠሉን ዝርግ ከማድረግ አያልፍም።

የገብሱ ዛላ የእኔ ነው። ሰኔ ላይ ኩታበር አጎቴ ጋ ሄጄ ገብስ ሲያጭዱ አገኘኋቸው። ከተማ ስላደግሁ አጨዳ ለእኔ የኅዳርና የታኅሣሥ ነገር ነው። አጎቴ ሳቁና "ይሄ እኮ የበልጉ ነው የኔ ልጅ" አሉ። የወሎ ደጋ ሁለት ዝናብ ያውቃል፣ በየካቲትና በመጋቢት የሚጀምረውን በልግና ክረምቱን። በልጉ ከያዘ ሰኔ ላይ ጎተራ አዲስ እህል ይገባል። በልጉ ከቀረ ደግሞ የዚያ አካባቢ ሰው ክረምቱን በጭንቀት ይገፋዋል። ይህን ሁሉ እሸት እያሹ ነገሩኝ። ዛላዋን ኪሴ ከትቼ መጣሁ።

ፎቶዎቹ ዛሬ ከፎቶ ቤት ወጡ። እያንዳንዱ በሁለት በሁለት። ገጹ ላይ በሙጫ አንለጥፍም። በአራቱ ማዕዘን ወረቀቱን በምላጭ ሰያፍ ሰንጠቅ አድርገን የፎቶውን ጫፎች እናስገባለን። ሙጫ ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ያቢጨዋል፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ማውጣት ሲፈለግ ይወጣል።

ጳጉሜ 2

የዒድ ገጽ። ባለቤቴ ለዚህ ገጽ ማንንም አታስጠጋም፣ ግኝቱ የእሷ ነው።

በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን ዋሉ። ረመዳኑ ሲያልቅ የእኛ ሁዳዴ ገና መሃሉ ላይ ነበር። ለዒድ አልፈጥር ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ስንሄድ ምን ልንበላ ነው ብለን አልጨነቀንም፣ ወሎ ነው፣ የለመድነው ነው። ያየነው ግን ከለመድነው በላይ ሆነ። አክስታችን በዒዳቸው ቀን ከንጋቱ ጀምሮ በተለየ ድስት፣ በተለየ ማማሰያ የጾም ወጥ ሲሠሩልን አርፍደዋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቲማቲም ፍትፍት። ሥጋው በአንድ ጠረጴዛ፣ የእኛ በሌላው። እኛ ሳንቀመጥ ማንም እጁን አልሰደደም። "ምን ያስቸኩላል፣ አብሽሩ፣ እንግዳ ሳይጎርስ ዒድ የለም" አሉ።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ስልኳን አስቀምጣ ወሬያቸውን ቀርጻለች። ልጅ ሳሉ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ በእግር እንዴት እንደሚሄዱ፣ መንገድ ላይ ክርስቲያን ጎረቤቶች ውኃና ማገዶ እየተሸከሙ እንግዳውን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ሌሊቱን መንዙማ ሲባል ልጆች እናቶቻቸው ጉልበት ላይ እንዴት እንደሚያሸልቡ። ጀማ ንጉሥ በሀገራችን የመውሊድ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ስፍራ ነው። አባታቸው ኪታብ ይቀሩ ነበር። ፊደሉ የዐረብ ሆኖ ቃሉ አማርኛ የሆነ ጽሑፍ ቤታቸው ነበር፣ ዐጀሚ የሚባለው። ሲነበብላቸው እናታቸው እያለቀሱ ይሰሙ እንደነበር ነገሩን።

ድምፁን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቴ ቁጭ ብላ እየሰማች ጻፈችው። አቃናለሁ ሳትል፣ "ኧረ" ያሉበትን "ኧረ" ብላ፣ ዝም ያሉበትን መስመር ዘልላ። ማታ ማታ ስትሠራ ሰንብታለች። ዛሬ ጨርሳ ስታነብልን ትንሹ "የእማማ ድምፅ ነው" አለ። ትልቋ ሁለቱን ጠረጴዛ ሥላለች፣ ድስቶቹን በሁለት ቀለም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ሲመጣ ሥራ ተቋረጠ፣ ልጆቹ ግቢ ወጥተው ተጠመቁ፣ እኛም ከኋላ ተከተልን። የልብስ ማድረቅ ነገር ስለመጣ ዛሬ ወረቀት የነካ ሰው የለም።

ጳጉሜ 4

የክራሩ ገጽ። ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት ክራር ይመታሉ። ትልቋ ግንቦት ላይ እግራቸው ሥር መቀመጥ ጀመረች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከወሎ ምድር ጋር ስማቸው የተሳሰረ ቅኝቶች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ በሬዲዮም እየሰማን አድገናል። እንዴት እንደሚለያዩ ግን አንዳችንም ማስረዳት አንችልም ነበር። እሳቸው እንዲህ አሳዩዋት። ክራሩን በሙሉ ትዝታ ቃኙ፣ አንድ ዜማ መቱ። ከዚያ ሁለት ክሮችን ብቻ ትንሽ ላላ አደረጉ፣ ሌላውን አልነኩም። ያንኑ ዜማ መልሰው መቱት። ግማሽ ትዝታ ሆነ። ትልቋ "አሁን አዘነ" አለች።

ይህን ገጽ መሥራት ከበደን። ዜማ በምን ይሣላል? በመጨረሻ አዛውንቱ ራሳቸው መፍትሔ ሰጡን። ያረጀ የክራር ክር ቆርጠው ሰጧት። ክሮቹን ገጹ ላይ በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው ሰፋናቸው፣ የሚላሉት ሁለቱ በቀይ ነጥብ ምልክት አላቸው። የእሳቸው ቃል ከሥር አለ፦ "ጣትሽ አይደለም የሚያዝነው፣ ክሩ ነው። አንቺ ስሚው ብቻ።"

መስከረም 1፣ 2018

እንኳን አደረሳችሁ። ልጆቹ ጠዋት አበባየሆሽ ብለው ዞረው፣ የሣሏቸውን ሥዕሎች አድለው መጡ። ከዛሬው አደይ አበባ ሁለት ዘለላ ጋዜጣ መሃል ገብቷል። ትልቋ "ይሄ የ2018 ነው፣ የ2017 መጽሐፍ ውስጥ አይገባም" ብላ ተከራከረች። እውነቷን ነው። ለብቻው ይቀመጣል።

መስከረም 4

ስፌት! የጓጓሁለት ቀን። ዝርዝሩን የምጽፈው መሥራት የሚፈልግ እንዲሠራበት ነው።

አራት ቅጠል አንድ ላይ ታጥፎ አንድ ጥራዝ ይሆናል፣ 16 ገጽ ማለት ነው። በየመጽሐፉ ስድስት ጥራዝ አለ። ፎቶና ቅጠል የሚገባበት መጽሐፍ ከጀርባው ይልቅ ከፊቱ ይወፍራል፣ ሲዘጋም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ለዚህ መላው በየጥራዙ መሃል ሁለት ጣት ስፋት ያለው የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት አብሮ መስፋት ነው። ያኔ ጀርባውም ይወፍርና ይተካከላል።

ቀዳዳው አራት ነው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ ጥንድ ጥንድ። ሁሉም ጥራዝ በአንድ መለኪያ መበሳት አለበት። እኛ ካርቶን ላይ አራት ነጥብ ምልክት አድርገን እሱን እያስቀመጥን ወስፌውን አወረድነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። ሁለቱ መርፌዎች ከውስጥ ይወጣሉ፣ ከሥር ባለው ጥራዝ የተሠራውን ቋጠሮ ዞረው ይይዙታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። ከጀርባ ሲታይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይወርዳል። ክሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከእጥፋቱ ጋር አቅጣጫውን ጠብቆ መሳብ ይገባል። ወደ ላይ የሚሳብ ክር ወረቀቱን ይቀደዋል።

ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ እጇ ጥሩ ነው። ጥልፍ ስለምታውቅ የክሩን መጥበቅና መላላት በጣቷ ትለካዋለች። የመጀመሪያውን እኔ ጀመርኩ፣ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ እሷ ሰፋች፣ ጎን ለጎን ስታዩዋቸው የእሷ መስመሩ ያምራል። እናቴ መጥታ አየችና ወስፌዋን በክብር ተረከበች።

መስከረም 11

ገበታ። ቀዳዳው ከገበታው ጠርዝ ገብቶ ሰያፍ ሄዶ በፊቱ ይወጣል፣ ክሩ በዚያ አልፎ ጥራዙን ይይዛል። ዋንዛ ጠርዙ ላይ ሲሰረሰር መሰንጠቅ ይወዳል። በቀጭኑ የትራፓኖ ብረት፣ እያረፉ፣ ሳይጫኑ መሥራት ነው። አናጺው ሲያግዘኝ ከሰዓት ሙሉ ፈጀ፣ ገንዘብ ልስጥህ ስለው "መጽሐፉን አሳየኝ እንጂ" አለ።

ጀርባውን በበግ ቆዳ ሸፈንነው። ቆዳው ከጫማ ሠሪ የተገኘ ትራፊ ነው። ሙሉውን አላለበስነውም፣ ዋንዛው እንዲታይ እስከ ገበታው ሲሶ ብቻ። ለቆዳ ከኮላ ይልቅ የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ይሻላል፣ ቆዳው ውስጥ ይጠልቃል፣ ሲደርቅም አይሰበርም። ቆዳውን መጀመሪያ በውኃ ማራስ ያስፈልጋል። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለን ጀሪካን ጫንበት።

ትንሹ ገበታው ላይ ስሙን ካልጻፍኩ አለ። አራታችንም ጻፍን፣ በጋለ ምስማር። የእሱ ፊደል ትልቅ ነው፣ የገበታውን ግማሽ ይዟል። የኮምቦልቻው ቅጂ ላይ የአክስታችንም ስም አለበት።

መስከረም 18

ትናንት መስቀል ነበር፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ወርደን አስረከብን። ትንሹ ሀረጎ ላይ ጆሮውን ይዞ ጠበቀ።

አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። አንድም አልዘለሉም። ግመሉ ላይ ትንሹን ጠርተው ሳሙት። ክሮቹን በጣታቸው ነካኳቸው። የራሳቸው ገጽ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሟት። "እዚህ ጋ ያወራሁት ስለ እናቴ ነው፣ ስሟን አልጻፋችሁም።" የስልኩን ቅጂ መልሰን ሰማነው። ያኔም ስማቸውን አልተናገሩም። አሁን ተናገሩ፣ ትልቋ ጻፈች።

ከዚያ ሌላ አስተያየት አመጡ። የጾም ወጡ ሥዕል አለ፣ አሠራሩ የለም። "ልጆቹ ሲያድጉ ሥዕሉን ሊበሉ ነው?" ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ እንደሚበስል፣ በርበሬው ከውኃ ጋር እየተንጠባጠበ እንደሚቁላላ፣ ኮረሪማው መጨረሻ ላይ እንደሚገባ እየነገሩን ባዶው ገጽ ላይ በእርሳስ ያዝነው። የሙሉ ሽሮውም ይጨመር ብለዋል፣ እሱን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥረውናል። የሁለት ጥራዝ ያህል ባዶ ገጽ መተዋችን ጠቀመን።

ማታ ደሴ ስንገባ ትልቋ የአክስታችንን እናት ስምና የወጡን አሠራር ወደ እኛ ቅጂ መገልበጥ ጀምራለች፣ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጨርሰዋለች። ለ2018 ወረቀቱ ተገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ክሩ ግን ቀጠን ያለ ይፈልጋል፣ የዘንድሮው ለስድስት ጥራዝ ወፍራም ነበር፤ ገበያ ላይ ሌላ ዓይነት ያየ ካለ ይንገረኝ።